አራት ወር የቆመች መኪናዬና የጎማዋ ነገር

ለሥራ ክፍለ ሀገር ስሄድ ኮሮላዬን ግቢ አቁሜያት ነበር። አራት ወር ሙሉ አልተነቃነቀችም። ስመለስ ያሰብኩት ስለ ባትሪው ብቻ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ 70 ስገባ ግን መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መቀመጫውም ከሥር ይመታኛል።

ባላንስ ነው ብዬ አሠራሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። በማግስቱ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ንፋሱን ሲለካው 30 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) መሆን የነበረበት 22 እና 24 ሆኖ ተገኘ። «ወንድሜ፣ መኪናዋ ቆማ ነበር እንዴ?» አለኝ። «ባላንስ የሚያስተካክለው ክብደት ነው። ያንተ ግን ቅርጹ ነው የተበላሸው።»

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ይህ ነው። ጎማ ውስጥ ያለው የናይለን ክር ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ በነበረበት ቅርጽ ይደርቃል። መኪናው ሲቆም መሬት የነካው በኩል ይደፈጠጣል፤ ንፋስ ሲያንስ ደግሞ ይብሳል። ለአንድ ሌሊት ወይም ለጥቂት ቀን ከሆነ ነድተው ሲያሞቁት ይመለሳል። ለወራት ከቆየ ግን እንደተደፈጠጠ ሊቀር ይችላል።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ንፋሱን ሞልቼ በማለዳ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ወጣሁ። በ80 ያህል እየነዳሁ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መሪው ጸጥ አለ። ደስ አለኝ! የመቀመጫው ምት ግን አልለቀቀም፤ ስለዚህ ችግሩ ከኋላ ነው ማለት ነው። የቀኙን የኋላ ጎማ ወደ ፊት ሳመጣው ምቱም አብሮት ወደ መሪው መጣ። ተገኘ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። የጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ የእኔው 2517 ይላል። ቶሎ ያየ ሰው «2017 ዓ.ም.፣ አዲስ ነው» ሊል ይችላል። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው! በ2017 25ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፤ በእኛ ሰኔ 2009። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ በተለይ ልብ በሉ። በዚህ ዕድሜው ደርቆ ስለነበር ቅርጹ አልተመለሰም፤ የኋላዎቹን ሁለቱንም ቀየርኩ።

በሚቀጥለው ወር ደግሞ እሄዳለሁ። አሁን ንፋሱን 35 አድርጌዋለሁ፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ አላለፍኩም። ቁልፉን ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ይነዳታል።