የተረከዝ ጅማት ሕመም፦ እረፍት ብቻውን ለምን አያድነውም?

ጠዋት ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲራመዱ ከተረከዝ ከፍ ብሎ ከኋላ በኩል ገትሮ ይይዛል። ጥቂት ሲራመዱ ይላቀቃል። ሩጫ ሲጀመር ይቆጠቁጣል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋል፣ በማግስቱ ጠዋት ግን ብሶ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የአኪለስ ጅማት ሕመም ነው።

የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ይህ ጅማት ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ስንሮጥ የሰውነታችንን ክብደት ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይሸከማል። ደካማ ቦታው ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ነው፤ ደም እንደልብ አይደርሰውም። ሳምንታዊውን ኪሎ ሜትር በአንዴ ያበዛ፣ ዳገት በድንገት የጨመረ ወይም ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ የቀየረ ሰው ጅማቱን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ወራት ሲያስቆጥር የጅማቱ ክሮች ይዘበራረቃሉ፣ ጅማቱም ይወፍራል። ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ያስታግስ ይሆናል እንጂ የተዘበራረቀውን ክር አያስተካክልም።

ሐኪም ጅማቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ይፈትሸዋል፤ ከሌላው እግር ጋርም ያወዳድረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህና የሕመሙ ታሪክ ይበቃሉ። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን በደንብ አያሳይም፤ ምርመራ ካስፈለገ አልትራሳውንድ ይሻላል። ነገር ግን ምንም የማያማቸው ሯጮችም በአልትራሳውንድ ሲታዩ የወፈረ ጅማት ይገኝባቸዋል፤ ስለዚህ የሚታከመው ሰውየው እንጂ ፎቶው አይደለም። የሁለቱም እግር ጅማት ሳያም ወፍሮ ከተገኘ ኮሌስትሮል መለካት ተገቢ ነው፤ በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ጅማት ላይ ይጠራቀማል።

ወር ሙሉ ያረፈ ሰው ሕመሙ ይቀንስለታል። ሥራ የፈታ ጅማት ግን ይደክማል፤ ሩጫው ሲጀመር ሕመሙ ይመለሳል። ጅማት የሚጠነክረው ተለክቶ በሚሰጥ ጭነት ነው። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልምምድ ዛሬም ይሠራበታል።

ደረጃ ጠርዝ ላይ በፊተኛው የእግር መዳፍ ይቁሙ፤ ተረከዝዎ ከጠርዙ ውጭ ይሁን። ግድግዳ ይደገፉ። በሁለቱም እግር ተረከዝዎን ያንሱ፣ ከዚያ ክብደትዎን ሁሉ ወደታመመው እግር ያዛውሩና ተረከዝዎ ከጠርዙ በታች እስኪወርድ ድረስ ቀስ ብለው ይውረዱ። ሲወጡ በደኅናው እግር ይግፉ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ደግሞ 15 ጊዜ በ3 ዙር። ጉልበት ሲታጠፍ የውስጠኛው የባት ጡንቻ ይበልጥ ስለሚሠራ ይህን መዝለል አይገባም። ይህ በቀን 2 ጊዜ፣ በሳምንት 7 ቀን፣ ለ12 ሳምንት ይደገማል፤ በቀን 180 ጊዜ መሆኑ ነው። ሲቀልልዎ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ 5 ኪሎ ጤፍ ይጨምሩ። 180ው ከበዛብዎ በሳምንት 3 ቀን ብቻ ከባድ ክብደት ይዞ በጣም ቀስ ብሎ መሥራትም ተመጣጣኝ ውጤት አለው።

ሲሠሩ ትንሽ ቢያምዎ አይደንግጡ። ሕመሙ ከ10 ነጥብ 5 እስኪደርስ ድረስ ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ጭነቱን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ልምምዱ በብዛት የሚበላሸው በሦስተኛው ሳምንት «ለውጥ የለውም» ተብሎ ሲተው ነው፤ ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው።

ሕመሙ ጅማቱ አጥንት ላይ በሚያያዝበት በራሱ ቦታ ከሆነ ከደረጃ ጠርዝ በታች መውረድ ያባብሰዋል፤ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጨፈለቃልና። ልምምዱ ወለል ላይ ይሠራ፤ ጫማ ውስጥም ለጊዜው ተረከዝ ከፍ የሚያደርግ ንጣፍ ይግባ።

ስለ መርፌ ቁርጥ ያለ ነገር ልናገር፦ አኪለስ ጅማት ውስጥ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያስታግስ መድኃኒት) መወጋት ጅማቱን ለመበጠስ ያጋልጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ዘመዶቹም እንዲሁ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ይህን በጥብቅ ማስጠንቀቂያ አስፍሯል። አደጋው የሚከፋው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑና ስቴሮይድ ለሚወስዱ ነው። እኛ ዘንድ ሲፕሮ ያለ ማዘዣ ለተቅማጥ የሚገዛ መድኃኒት ስለሆነ ይህን ማወቅ ግድ ነው። ሲፕሮ እየወሰዱ ተረከዝዎ ከኋላ ካመመዎ ልምምዱንም መድኃኒቱንም አቁመው በዚያው ቀን ለሐኪም ይንገሩ።

የተበጠሰ ጅማት ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውየው «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከኋላ የረገጠው ሰው ያለ መስሎት ይዞራል፣ ማንም የለም። የሚያሳስተው ሌሎች ጡንቻዎች ስላሉ እግሩን ወደ ታች ማንቀሳቀስ መቻሉ ነው። ስለዚህ «ወለምታ ነው» ይባልና ወጌሻ ዘንድ ይታሻል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ በሆዱ ይተኛ፣ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ይውጣ፣ ባቱን ጨበጥ ያድርጉት። በደኅናው እግር መዳፉ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ጅማቱ በተበጠሰበት ግን አይንቀሳቀስም። ይህን ካዩ አይታሽ፣ አይጎተት፣ አይረገጥበት፤ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች እንደተቀሰሩ ታስሮ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ቶሎ ከተደረሰ ያለ ቀዶ ጥገናም ይድናል። እግሩ ወደ ታች ተቀስሮ በጄሶ ወይም በልዩ ቡት ይያዛል፤ የቡቱ ንጣፍ በየሳምንቱ እየተቀነሰ እግሩ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀዶ ጥገና ጅማቱ ዳግም የመበጠሱን ዕድል ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የቁስል ኢንፌክሽንና የነርቭ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ወደ ሩጫ መመለስ በሁለቱም መንገድ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል። እግሩ በጄሶ በቆየባቸው ሳምንታት ባቱ ቢያብጥና ቢያቃጥል፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ድንገተኛ ክፍል እንጂ ቀጠሮ አይጠበቅም።