ኋላውን ሳላይ

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አናፖሊስ አጠገብ ባለ የጀልባ ጥገና ግቢ ነው። ሐበሻ ደንበኛ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ የሚነዱ አንድ ጋሼ «አሮጌ ጀልባ ልገዛ ነው፣ እስቲ መጥተህ እይልኝ» ብለው ሲደውሉ ደስ አለኝ። ትንሽ ልታይም ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም።

ጀልባዋ 21 ጫማ ናት፤ ሰው ግቢ ውስጥ ተሳቢ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላ በስተቀኝ የተቀረጸው መለያ ቁጥር በ86 ያልቃል፤ የ1986 ሥሪት ናት። ያን ቁጥር ለማንበብ አፍንጫዬን ከኋላው ግድግዳ ጋር ላጣብቅ ምንም አልቀረኝም። ይህን ያዙልኝ።

«የድሮ ፋይበርግላስ ወፍራም ነው ይባላል» አሉ ጋሼ።

ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ጀልባ ፋይበርግላስ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በተሠሩት ብዙዎቹ፣ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰም የምንለው፣ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። መርገጫው ሥር ደግሞ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ አለ። እንጨቱ ግራና ቀኝ በፋይበርግላስ ተለብጧል። ውሃ አንዴ ከገባበት መውጫ የለውም፤ እዚያው ታፍኖ ይበሰብሳል። ከውጭ ቀለሙ ያብረቀርቃል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። መዶሻዬን አውጥቼ ሆዷን ከፊት ጀምሬ ቀስ እያልኩ መታሁ። እናቶቻችን ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው መትተው እንደሚያዳምጡት ማለት ነው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ካርቶን የመታችሁ ያህል ድፍን ይላል። ሁሉም ጥርት አለ። ከሥር ሳንቲም የሚያካክሉ ጥቂት እብጠቶች አገኘሁ። አንዱን ብበሳው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ወጣ። ጋሼ ደነገጡ። እኔ ኮራ ብዬ «አይስጉ፣ ይሄ የቆዳ በሽታ ነው» አልኳቸው። ልክ ነበርኩ፤ ጥቂት እብጠት ጀልባ አያሰምጥም። ሰው ግን እነሱን ፈርቶ ሌላውን ይረሳል። እኔም ረሳሁ።

«ይግዙ» አልኩ። ማታውኑ 500 ዶላር ቀብድ ከፈሉ።

በማግስቱ ለአለቃዬ ፎቶዎቹን አሳየሁት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ሞተሩን ይዘህ ነቅንቀኸዋል?»

አልነቀነቅኩም።

ቅዳሜ አብሮኝ መጣ። ሞተሩን ወደ ላይ አዘነበለና የታችኛውን ጫፍ ይዞ በክብደቱ ተጫነው። ዓይኑ ግን ሞተሩ ላይ አይደለም፣ ግድግዳው ላይ ነው። ትራንሰሙ ገባ ወጣ አለ፣ ልክ እንደሚተነፍስ ሰው። ከዚያ እዚያው ግድግዳ ላይ የተገጠመችውን የውሃ ጥልቀት መለኪያ አንድ ብሎን በካቻቢቴ ፈታ። ሻይ የመሰለ ውሃ ወረደ። የብሎኑ ጥርስ ላይ እርጥብ ትምባሆ የሚመስል እንጨት ተጣብቋል።

አንዱ ባለቤት ያችን መለኪያ ሲገጥም ቀዳዳዎቹን በማሸጊያ አልሞላም። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የአንድ ጣሳ ማሸጊያ ዋጋ። ወደ 200 ኪሎ የሚመዝን ሞተር የተንጠለጠለው ጭቃ በሆነ እንጨት ላይ ነበር። ያንን ቆርጦ፣ ዝቃጩን ዝቆ፣ አዲስ ኮምፔንሳቶ አስገብቶ እንደገና መለበጥ ከጀልባዋ ዋጋ ይበልጣል።

ቀብዱ አልተመለሰም። ግማሹን ልክፈል ብል «ተው ልጄ» ብለው እምቢ አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ደወሉ። ድምፃቸው በደስታ ተሞልቷል። «አሁን ያገኘሁት አሉሚኒየም ነው! እሱ እንኳን አይበሰብስም፣ አይደል?»

«አሉሚኒየሙ አይበሰብስም» አልኳቸው። «ግን ብዙዎቹ ትራንሰማቸው ውስጥ እንጨት አላቸው። ቀብድ እንዳይከፍሉ፣ እየመጣሁ ነው።»