ማዘርቦርድን በጀርባው በኩል ለካሁት

የጎጃም ሠርግ ቪዲዮ አጭር አይደለም። ከሙሽራው ቤት ሽኝት እስከ መልሱ ድረስ በሁለትና በሦስት ካሜራ ይቀረጻል። ጥር ሲገባ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ፣ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤቶች ኮምፒውተሮች ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ ያድራሉ። ኮምፒውተር የምገጣጥመው ለእነዚህ ፎቶ ቤቶች ስለሆነ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ቦርድ) ስመርጥ የመብራቱ ቀለምና የሳጥኑ ጌጥ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ ለሰዓታት ሲሠራ፣ ኃይል የሚያቀብለው የቦርዱ ክፍል አብሮት መዝለቁ ነው።

ይህ ክፍል ቪአርኤም ይባላል። ከፓወር ሳፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው ከ1 ቮልት ብዙም ወዳልራቀ መጠን ያወርደዋል። ቮልቱ ሲወርድ አምፒሩ ይወጣል። ሬይዘን 9 5900ኤክስ የተባለው ፕሮሰሰር 105 ዋት ተብሎ ቢሸጥም በቦርዱ ላይ በሚሰካበት ሶኬት በኩል እስከ 142 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ የዘላቂ ጭነት ገደቡ 95 አምፒር፣ ለቅጽበት የሚፈቀድለት ደግሞ 140 አምፒር ነው። የእንጀራ ምጣድ እንኳ ከግድግዳ የሚስበው ከ20 አምፒር አይበልጥም። ቮልታቸው እጅግ ቢለያይም፣ ሽቦንና ሞስፌትን (በቪአርኤሙ ውስጥ ኃይሉን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋውን ትንሽ ማብሪያ) የሚያሞቀው አምፒሩ ነውና ንጽጽሩ ይጠቅማል።

የሙቀቱም ጭማሪ እኩል አይሄድም። አምፒሩ እጥፍ ሲሆን በሞስፌቱ መቋቋም ምክንያት የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ያንኑ አምፒር በእጥፍ ለበዙ ሞስፌቶች ብናካፍለው ግን በዚህ መንገድ የሚባክነው በጠቅላላው በግማሽ ይቀንሳል። የፌዝ፣ ማለትም ጭነቱን የሚካፈሉት የቪአርኤም ቅርንጫፎች፣ ብዛት ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ለፕሮሰሰሩ ኮሮች የማይሠሩትን ፌዞች ይጨምራል፤ አንዳንዴም በአንድ ምልክት የሚነዱ ሁለት ጥንድ ሞስፌቶችን እንደ ሁለት ይቆጥራል። ስለዚህ ሂትሲንኩን (ሙቀቱን ወደ አየር የሚያስወጣውን ብረት) አንሥቼ፣ በሞስፌቶቹ ላይ የተጻፈውን መለያ አንብቤ፣ የአምራቹን የቴክኒክ ሰነድ እፈልጋለሁ።

ለማወዳደር አንዱን ፕሮሰሰር፣ አንዱን ራም፣ አንዱን ፓወር ሳፕላይና አንዱን ኬዝ ከቦርድ ወደ ቦርድ አዛወርሁ። ባዮስ (የቦርዱ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ የኃይል ገደቡን በእጄ 142 ዋት ላይ አሰርሁት፤ ቦርዶች በራሳቸው ፈቃድ ከተተዉ አንዱ ገደቡን ይለቃል፣ ሌላው ይይዛል፣ ንጽጽሩም ከንቱ ይሆናል። በሶፍትዌር የሚታየውን ዋትም ብቻውን አላመንሁም። ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው ቦርዱ የነገረውን ያህል ስለሆነ ከግድግዳው ሶኬት ላይ የዋት መለኪያ ሰካሁ።

ለሙቀቱ ከመልቲሜትር ጋር የሚመጣውን የሙቀት መለኪያ ሽቦ ከሞስፌቶቹ በስተጀርባ፣ በቦርዱ የኋላ ገጽ ላይ፣ ሙቀት በሚችል ፕላስተር አጣበቅሁት። የግንባር ትኩሳት እንደሚለካበት ያለው የኢንፍራሬድ መለኪያ በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ የሚጠቀምበት ሰው ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ በእሱ ላይ ይለካ። የክፍሉን ሙቀት ሁልጊዜ ከጎኑ መጻፍም ግዴታ ነው። የጥርን ማለዳ ከሚያዝያ ቀትር ጋር ማወዳደር የሚቻለው ቦርዱ ከክፍሉ ምን ያህል እንደበለጠ በማየት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የጊዜ ርዝመት ነው። ሂትሲንክ ብረት ነውና ቀስ ብሎ ይሞቃል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁሉም ቦርድ ጎበዝ ይመስል ነበር። ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ ምስል ሶፍትዌር ያለ ዕረፍት ሳሠራው ግን ርካሹና ግማሽ ሞስፌቶቹ ያለ ሂትሲንክ የተተዉት ቢ450 ቦርድ ከ100 ዲግሪ አለፈ፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ገና ሳይግል ፍጥነቱን ቀነሰ። ወፍራም ሂትሲንክ የለበሰው ቢ550 በዚያው ጭነት ተረጋግቶ ቆመ። ርካሹ ቦርድ ላይ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ወደ ሞስፌቶቹ ሳዞር ግን እሱም ፍጥነቱን ጠበቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ወደ ታች የሚነፋ ማቀዝቀዣ በሶኬቱ ዙሪያ ያለውን ቪአርኤም አብሮ ያበርደዋል። ወደ ጎን በሚነፋ ረጅም ማቀዝቀዣ ወይም በውኃ ማቀዝቀዣ ሲተካ ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዛል፤ ቪአርኤሙ ግን ነፋሱን ያጣል። የኋላውን የኬዝ ማራገቢያ ማንም እንዳይተወው የምወተውተው ለዚህ ነው።

የእኛ አገር ከፍታም ወደ ሒሳቡ ይገባል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በባሕር ዳር በአንድ ስድስተኛ ያህል፣ በደብረ ማርቆስ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ሙቀት የሚሸከመው አየር ያንሳል። ከባሕር ወለል አጠገብ የተለኩ የዲግሪ ቁጥሮች ወደ እኛ ሳይቀየሩ አይመጡም፤ የትኛው ቦርድ ከየትኛው እንደሚሻል ግን ያሳያሉ። ደብረ ማርቆስ ብርዷ ትንሽ ያካክስላታል። ባሕር ዳር ግን ከፋሲካ በኋላ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ፣ ሠርጉም ይበዛል።

የ76 ዋት ገደብ ባለው ሬይዘን 5 5600 ስሞክር በቦርዶቹ መካከል ያየሁት ልዩነት ለገንዘብ የሚበቃ አልነበረም። እንዲህ ላለው ፕሮሰሰር ውድ ቦርድ የሚገዛ ደንበኛ ሲመጣ፣ ትርፍ ቢቀርብኝም፣ ልዩነቱን በራምና በዩፒኤስ እንዲያውለው እነግረዋለሁ። ለ142 ዋቱ ፕሮሰሰር ግን ሙሉ ሂትሲንክ የሌለው ቦርድ አልገጥምም። ደንበኛው በዋጋው ከተጨነቀም የኃይል ገደቡን በባዮስ ዝቅ አድርጌ አስረክበዋለሁ፤ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ እንጂ ሌሊት መካከል አይንገዳገድም።