በወር 20 ዶላር፦ ለአልዛይመር ምርምር እንዴት እንዳዋጣን

እናቴን ሐኪም ቤት የወሰድኳት በ2021 የፈረንጆች የጸደይ ወራት ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል ነው። ምርመራው ላይ "ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?" ተባለች። "2013" አለች። በእኛ አቆጣጠር ልክ ናት። ቀጥሎ ሰዓት ሥለሽ 11፡10 አሳዪ አሏት። የሰዓት ቆጣሪውን 5 ላይ፣ የደቂቃውን 2 ላይ አደረገች። እኛ ዘንድ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ማለት ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም ስህተት ተብለው ተመዘገቡ።

እናቴ በእርግጥ ታማ ነበር። በኋላ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ መሆኑ ታወቀ። ግን በእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች ነጥብ ያጣችው በሕመሟ አልነበረም። ያ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች የሚሰጡት በሽታው ገና ሲጀምር ነው። እና የእኛ ሰው ሲጀምረው ማን ያውቅለታል? ምርምሩ ውስጥስ ማን ያስገባዋል? ገንዘብ የማሰባሰቡ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

በ2022 መጀመሪያ ያደረግነው የራት ግብዣ ነበር። አዳራሽ ተከራየን፣ ዘፋኝ አመጣን፣ ምግብ አዘዝን። ከትኬቱ 11,400 ዶላር ገባ። ወጪው 9,100 ሆነ። ለዚያ ሁሉ የሦስት ወር ድካም የተረፈው 2,300 ዶላር ነው። ይባስ ብሎ፣ ያን ማታ አንድም ሰው ስለ በሽታው አላወራም።

እኛ ሰው ሲሞት መስጠት እናውቅበታለን። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በሁለት ቀን ብዙ ሺህ ዶላር ይዋጣል። ለምርምር ስጡ ሲባል ግን ሰው ግራ ይገባዋል። የእድራችን ሰብሳቢ፣ በጣም የማከብራቸው ጋሼ፣ "ልጄ፣ ገንዘቡ ለእናትሽ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አይደለም ጋሼ፣ ለእሷ አይደርስላትም" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው "የእኔም እህት እንደዚሁ ናት" አሉኝ። ሃያ ዓመት ተዋውቀን እህት እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር። ጃጅታለች ይባላል፣ ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትቀመጣለች።

ስለዚህ አዳራሹን ትተን ወደ ቡና ዞርን። በየቤቱ፣ አሥር አሥራ ሁለት ሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ገንዘብ የሚነሳው ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ስለ እናቱ፣ ስለ አባቱ ያወራል። መድኃኒት የሚደብቁ፣ ሌሊት ተነስተው "ቤቴ ውሰዱኝ" የሚሉ፣ ምድጃ ለኩሰው የሚረሱ። አንዳንዱ ቤት አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ወደ ማታ እንሄድ ነበር። እሱም ቢሆን አይቆጨኝም።

የጠየቅነው በወር 20 ዶላር ነው፣ እንደ እድር መዋጮ። ቁጥሩን ከፍ አድርገን ብንጠራ ኖሮ አንዴ ሰጥተው ይጠፉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት 38 ቤተሰብ በየወሩ ይከፍል ነበር። ማይክሮሶፍትና ቦይንግ የሚሠሩ ልጆች ደግሞ መሥሪያ ቤታቸው ሠራተኛው በሰጠው ላይ የሚጨምርበት ፕሮግራም አለው። ብዙዎቹ ፎርሙን ሞልተው አያውቁም ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብለን አስሞላናቸው።

ስለ ገንዘብ አያያዝ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ በማንም የግል አካውንት እንዳያልፍ። በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ልላክልሽ የሚለኝ ብዙ ነበር። እምቢ አልኩ። ሰዉ ከዚህ በፊት ለሌላ ጉዳይ አዋጥቶ የት እንደገባ ሳያውቅ ቀርቷል፣ ያ ቁስል አለ። ሁሉም ምርምሩን ለሚሠራው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ሰጠ፣ ደረሰኙም በየስሙ መጣ። ሌላው፣ ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የስጦታ ክፍል አነጋግሩ። እኛ ዘግይተን ነው የሄድነው። ስጦታው ለምን እንደሚውል በጽሑፍ ይፈረማል። ከላዩ ላይ ለአስተዳደር ስንት እንደሚቆረጥም ያኔ ነው የሚጠየቀው።

በ2023 መገባደጃ አንዲት ተመራማሪ ቡናችን ላይ መጥታ ነበር። ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት በዚያው ዓመት ሐምሌ ሙሉ ፈቃድ አግኝቶ ሰው ሁሉ ያወራበት ነበር። እኔ እየተረጎምኩ አስረዳች። በ18 ወር ሙከራ የበሽታውን መባባስ 27 በመቶ ገደማ አዘገየ፤ አያድንም፤ አንዳንዱ ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት ያመጣል። አንዲት እማማ "ታዲያ ለምን ታደክሙናላችሁ?" አሉ። ቀባብቼ ልተርጉመው ብዬ አሰብኩ። ግን ቃል በቃል ነገርኳት። "ልክ ናቸው፣ በቂ አይደለም፤ ለዚህ ነው የምንሠራው" አለች። ከዚያ የእኛ ዓይነት ትንሽ ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ ገለጸች። ከመንግሥት ትልቁን ገንዘብ ለማግኘት መጀመሪያ የሚታይ ውጤት ያስፈልጋል። ያንን የመጀመሪያ ሙከራ የሚከፍል ደግሞ እምብዛም የለም። ያን ቀን ሁለት ቤተሰብ መዋጮውን አቋረጠ። እማማ ግን እስከ ዛሬ ይከፍላሉ።

አንድ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ። መጀመሪያ ባሠራነው ወረቀት ላይ የእናቴን ፎቶ አወጣሁ፣ ወንድሜን ሳልጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተለጥፎ አየው። አንድ ወር አላናገረኝም። እውነቱን ነበር። የእሷ ፊት የእኔ ብቻ አይደለም፣ እሷም እሺ ልትል በማትችልበት ጊዜ ነው ያደረግኩት። ወረቀቶቹን ዞሬ አነሳኋቸው። ከዚያ በኋላ የማንም በሽተኛ ፎቶ አላወጣንም።

በሁለት ዓመት ተኩል 34,000 ዶላር ገደማ ደረስን። ግማሹ ለአንድ ጀማሪ ተመራማሪ የመድኃኒት ሙከራ ሥራ ሄደ። ግማሹ ለአስተርጓሚና ለትራንስፖርት ነው፣ አማርኛ ተናጋሪዎች ጥናቱ ውስጥ እንዲገቡ። ዓመቱንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መጠየቅን የሚያውቅ አስተርጓሚ አሁን አለ። ጋሼ እህታቸውን ለማስመርመር ተስማምተዋል። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ነኝ የማደርሳቸው።