የዓሣ ጋሪ፣ በረዶና ማፍሰሻ

ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት መረብ የገባ ቆሮሶ (የዓሣ ዓይነት ነው) ረፋድ ላይ ከተማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ዓሣውን የሚያበላሸው መንገዱ ሳይሆን ጋሪው ላይ የሚውለው ውሎ ነው።

ዓሣው የሚቀመጥበት የጋሪው ሳጥን ውስጡም ውጩም ላሜራ፣ መሀሉ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ይሁን። ክዳኑም ፎም ይፈልጋል። በያጆች ክዳኑን ባዶ ላሜራ አድርገው ያስረክባሉ፤ ፀሐይ የሚያርፈው ግን እሱ ላይ ነው!

20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን 1 ኪሎ ዓሣ ወደ ዜሮ ለማውረድ ሩብ ኪሎ በረዶ አይፈጅም። ታዲያ ለምን 1 ለ1 (ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ) ይባላል? ቀሪው በረዶ የሚያልቀው በግድግዳውና በየደቂቃው በሚከፈተው ክዳን ከሚገባው ሙቀት ጋር ሲታገል ነው። በደሴ ብርድ ግማሽ ኪሎም ያውላል። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ለሚሸጥ ግን ከ1 ለ1 አይቀነስም። በጾም ሰሞን (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው) ገበያተኛው ሲበዛ ክዳኑም አብዝቶ ይከፈታልና ትንሽ ይጨመር።

በረዶው ደቅቆ ይግባ፤ ትልቅ ቁራጭ ዓሣውን በጥቂቱ ብቻ ነክቶ ሥጋውን ይጨፈልቃል። አንድ ረድፍ በረዶ፣ አንድ ረድፍ ዓሣ እየተባለ ይደረደራል። ሆድ ዕቃው የወጣለት ዓሣ ሆዱ ወደ ታች ይዙር፤ ሽቅብ ካየ ውሃ ያቁራል።

አብዛኛው ጋሪ የሚበላሸው በማፍሰሻው ነው። የቀለጠው ውሃ ደምና ልጋግ ይዞ ከታች ይተኛል፤ የታችኛው ረድፍ እዚያ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ጠረኑም ቶሎ ይቀየራል። ቀዳዳው መሀል ላይ አይሁን፤ ብዙ ጊዜ ላሜራው በጭነት ጎብጦ ውሃው ሌላ ቦታ ይቀራል። ጥግ ላይ ይበሳ፣ ወለሉም በሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ወደዚያ ያዘቅዝቅ። ከወለሉ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የፕላስቲክ ርብራብ ይግባ። ቅርፊት ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ወንፊት ይደረግበት። ጎማው ቱቦ አስፋልት ላይ ሳይሆን ጀሪካን ውስጥ ይውረድ፤ መንገድ ላይ የፈሰሰ የዓሣ ውሃ ዝንብ ይጠራል፣ ጎረቤትም ያስቆጣል። ማታ በሳሙና ታጥቦ በበረኪና ይለቅለቅ።

ደሴ ላይ ደግሞ ዳገቱ አለ። ፍሬን ቢኖርም ከሁለቱም ጎማ ሥር ሽብልቅ ይግባ። ሲቆም ማፍሰሻው ያለበት ጥግ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን፤ አለዚያ መንገዱ የወለሉን ዝቅዝቅ ይሽረውና ውሃው ተመልሶ ዓሣው ሥር ይተኛል።