ጥያ ላይ ወረድኩ

ይህን መንገድ በቃሌ አውቀዋለሁ። ዓለም ገና፣ መልካ ቁንጡሬ፣ ጥያ፣ ቡኢ፣ ከዚያ አያቴ ያለችበት ቡታጅራ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተመላልሼበታለሁ። ጥያ ላይ ግን ወርጄ አላውቅም ነበር። ሚኒባሱ ሰው ሲያወርድ ታፔላውን በመስኮት አየዋለሁ፤ ከዚያ እንሄዳለን።

ቅዳሜ ዕለት «ወራጅ አለ» አልኩ።

ጥያ ላይ የቆሙትን ጥንታዊ የተቀረጹ ድንጋዮች አያቴ «የግራኝ ድንጋይ» ነው የምትላቸው። ግራኝ ሲያልፍ በሰይፉ የወጋቸው ናቸው ብላ ነግራኛለች። የአካባቢው ሰውም በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። አጠገባቸው ስቆም ነገሩ ገባኝ። ሰይፉ በእርግጥ አለ። አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ተቀርጿል። ድንጋዮቹ 36 ናቸው፤ 32ቱ ምልክት አላቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቦታ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በመስኮት አልፌዋለሁ!

አስጎብኚው ሰይፉ ተዋጊዎች የገደሉትን ጠላት ብዛት ያሳያል ይባላል አለኝ። ይሆናል። እኔን የያዘኝ ግን ከሥሩ ያለው ነው። ቦታው መቃብር ነው። አጥኚዎች ሲቆፍሩ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በማህፀን እንዳለ ፅንስ ተኮራምተው የተቀበሩ ሰዎች አገኙ። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። ከግራኝ ዘመንም ይቀድማሉ፤ ግራኝ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። እኔም በዚያው የዕድሜ ክልል ውስጥ ነኝ። ሣሩ ላይ ብዙ ቆየሁ። ወጣቶችን ምን እንደዚህ ጨረሳቸው? ጦርነት ነው? በሽታ?

ቡታጅራ ስደርስ መሽቷል። አያቴ ቡና እያፈላች ጠበቀችኝ። ስለ ግራኝ የነገረችኝን ላርማት አልፈለግሁም፤ ስለ መቃብሩ ብቻ ነገርኳት።

«ስንት ዓመታቸው ነው አልክ?»

«ከ18 እስከ 30።»

ጀበናውን አስቀመጠች። «ውይ! ልጆች ናቸው እኮ» አለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ስማቸውን ጠየቀችኝ። አይታወቅም አልኳት። ዝም አለች።

በሚቀጥለው ወር ለሕክምና አዲስ አበባ ይዣት ስሄድ ጥያ ላይ እንድንወርድ ጠይቃኛለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ከመንገዱ ሩቅ አይደለም። ቀስ እያልን እንደርሳለን።