መጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ ቀልዱ

የመጀመሪያውን ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ በወሰድኩበት ቀን ማታ እህቴ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆማ «ደም! ደም!» ብላ ጮኸች። ሲስተሯ ጠዋት አስረድታን ነበር። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት ራሱ ቀይ ስለሆነ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል። እኔ ሰምቻለሁ፣ እህቴ ግን ያን ሰዓት ስልክ ልታነሳ ወጥታ ነበር። ግድግዳውን ይዤ፣ ጉልበቴ እየተብረከረከ፣ «አይዞሽ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው» ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «ቀስ በይ፣ ቀለሙንም አብረን ከፍለንበታል» የሚል ሆነ። አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ሁለታችንም እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ ብለን እስክናለቅስ ሳቅን። የምርመራው ውጤት ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃችን ነበር።

ሕመሙ ሊምፎማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነው፤ ሕክምናው በየ21 ቀኑ፣ 6 ዙር። እኔ በተፈጥሮዬ ቀልደኛ አይደለሁም፤ ሰው ሲቀልድ እንኳ የሚገባኝ ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ግን አልጋ ላይ ሆኜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሁሉ ለቅሶ የደረሰ ይመስላል። በሩ ላይ ይቆማል፣ ድምፁን ይቀንሳል፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። አንድ የማይረባ ነገር ጣል ሳደርግ ትከሻው ይወርድና ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኔም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሽተኛነቴ ቀርቶ የድሮዋ ሰው እሆናለሁ።

ለጅልነት ደግሞ ከሆስፒታል የተሻለ ቦታ የለም። የታካሚ ልብሱን ብቻ እዩት፤ ፊቱ ዝግ፣ ኋላው ክፍት። መፍትሔው ሁለት መልበስ ነው፤ አንዱን እንደ ደንቡ፣ ሁለተኛውን ክፍቱን ወደ ፊት አድርጎ ከላይ መደረብ። ሁለተኛው ካባ ይሆናል። የግሉኮስ መስቀያውን እንደ በትረ መንግሥት ይዤ ኮሪደሩን በዝግታ ስሄድ እህቴ ከፊት ከፊት «ዞር በሉ፣ ንግሥቲቱ ሽንቷን ልትሸና ነው!» ትላለች። የመስቀያው አንድ ጎማ ጠማማ ስለነበር ግርማ ሞገሴ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። በሦስተኛው ቀን ከጎኔ ያለችው ታካሚ ራሷ ካባዋን ደርባ ተከተለችኝ። መራመዱ በራሱ ታዞብን የነበረ ነገር ነው፣ ግን «ተነሽና ተንቀሳቀሺ» ሲሉኝ አልነሳም ነበር።

ከኬሞው ጋር የሚሰጠኝ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በእያንዳንዱ ዙር 5 ቀን ይዋጣል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ካልሲዎቼን በቀለም ደርድሬ ለእህቴ «የካልሲ ሚኒስትር ሆኛለሁ፣ ሹመቴን አጽድቂ» የሚል መልእክት የላክሁባት ሌሊት ነበር። ጠዋት «ጸድቋል፣ ተኚ» ብላ መለሰች።

ትልቁ አስተማሪዬ ግን አጠገቤ ባለው ወንበር መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሲስተሯ «ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ስትላቸው «ለአንቺ 4፣ ለዶክተሩ 7፣ ለባለቤቴ 10» ይላሉ። ሲስተሯም «እሺ ጋሼ፣ እውነተኛውስ?» ትላለች። ዝም ይሉና «6» ይላሉ። እሷም 6 ብላ ትጽፋለች። ያቺን ሁለተኛ ጥያቄ ያኔ ልብ አላልኳትም።

በሦስተኛው ዙር ጣቶቼ ደነዘዙ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ ትርኢት አደረግሁት፤ ቁልፉን አሳድደዋለሁ፣ እለምነዋለሁ፣ እቆጣዋለሁ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ዶክተሩ «መደንዘዝ አለ?» ሲለኝ «ጣቶቼ አድማ መትተዋል» አልኩት። ሳቀና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። በኋላ ሲስተሯ የውኃ ጠርሙስ መክፈት አቅቶኝ ስታገል አየችኝ።

«ይህን ለዶክተር ነግረሻል?»

«በቀልድ ነግሬዋለሁ።»

«ቀልዱን ካርድሽ ላይ ጽፎታል?»

አልጻፈውም። ከኬሞ መድኃኒቶቼ አንዱ የሆነው ቪንክሪስቲን ነርቭ ይጎዳል፤ ሐኪሙ በጊዜ ካወቀ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ለእኔም ተቀነሰልኝ፣ ድንዛዜው ግን ሕክምናው ካለቀ በኋላም ወራት ቆይቷል። ሰዉን ማሳቅ ስለጣፈጠኝ የራሴን ጣት ደብቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ሆነ፤ መጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ ቀልዱ። ትኩሳት 38 ከደረሰ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር የለም፤ የነጭ ደም ሴሎች በወረዱበት ሰሞን ወዲያው ለሆስፒታሉ ነው የሚደወለው።

ሌላው ጥፋቴ እናቴ ላይ ነው። አንድ ቀን እሷ ተቀምጣ ሳለ ለእህቴ «ከሞትኩ ጥቁሩን ጫማ እንዳትነኪ፣ ይጠብሻል» አልኳት። እህቴ ሳቀች። እማዬ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኘኋት። እኔን ያቀለለኝ ቀልድ እሷ ላይ ሄዶ ተጭኗል። የሞት ቀልድ ከዚያ በኋላ ለእህቴ ብቻ፣ በሌሊት መልእክት ሆነ። ለእማዬ ካባውና ጠማማው ጎማ ይበቃታል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ማይክል ክሪስተንሰን የተባለ የሰርከስ ቀልደኛ ባልደረቦቹን ይዞ ታማሚ ልጆችን ለማሳቅ ኒውዮርክ ውስጥ ወደ ሕፃናት ሆስፒታል መግባት ጀመረ፤ ዛሬ ይህ ሥራ በብዙ አገር አለ። እኔን ደስ የሚለኝ አገባባቸው ነው። አንኳኩተው ይጠይቃሉ፤ ልጁ እምቢ ካለ ይሄዳሉ። የእኛም ክፍል ውስጥ የፀጉር ቀልድ የሚፈቀደው ለመላጣዎቹ ብቻ ነበር። አንድ ጠያቂ «ኳስ መስለሻል» ሲለኝ ማንም አልሳቀም፤ ጋሼ ግን በየቀኑ «ማበጠሪያ ታበድሪኛለሽ?» ይሉኛል።

ስድስተኛው ዙር ደረሰ። ሲስተሯ እንደ ወትሮው ቀዩን መድኃኒት ይዛ ሙሉ ስሜንና የትውልድ ቀኔን ጠየቀችኝ፤ በትክክል መለስኩ። ከዚያ አልሰጠችኝም፣ እያየችኝ ቆመች። ለካ ቀልዱን እየጠበቀች ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። እንባዬ መጣ።

«ምነው፣ የዛሬው ቀልድ የት ሄደ?» አለች ቀስ ብላ።

ከመጋረጃው ወዲያ ጋሼ መለሱ፤ «ፀጉሯ የሄደበት!»